ከፊርማችን በፊት ቈጠራውን አሳዩን

ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ስንመለስ በየመኝታ ክፍላችን በር ሥር አንዲት ወረቀት ገብታ አገኘን። ርእሷ «የሰላም ቃል ኪዳን» ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚደረገው የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ይህችን ወረቀት ፈርሞ ማስረከብ አለበት፤ ያልፈረመ የምርጫ ካርድ አያገኝም። ቃሉም፣ ከስሜታዊነት እርቃለሁ፣ ውጤቱን በጸጋ እቀበላለሁ፣ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ባሉት አምስት ቀኖች በግቢው ውስጥ ከአምስት ሰው በላይ ሆኜ አልቆምም የሚል ነው። ከግርጌው ስም፣ የመታወቂያ ቍጥር፣ የመኝታ ክፍል ቍጥርና ፊርማ ይከተላል። (ስድስት ሰው በሚያድርበት ክፍል ስድስቱም ባንድ ጊዜ ቢነቁ ቃል ኪዳኑ ፈረሰ ማለት ነው ወይ? ብሎ የጠየቀ ጓደኛችን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።)

ወረቀቷን ደጋግመን አነበብናት። ድምፁን ማን እንደሚቈጥረው፣ የት እንደሚቈጥረው፣ በማንስ ፊት እንደሚቈጥረው አንድም ቃል አይገኝባትም። ስለዚህ እንዳለች አንፈርማትም። ለምን እንደማንፈርም ግን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማስረዳት ይገባናል፤ «እነዚህ ልጆች ሰላም የማይወዱ ናቸው» የሚል ወሬ ከወዲሁ ሲነገር ሰምተናልና።

አዲስ ገቢ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ባለፈው ዓመት የሆነውን አላያችሁም። ምርጫው የተደረገው ዓርብ ቀን ነበር። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሦስት ሰልፍ ቆመን መረጥን። ፀሐይ መታን፤ ተቀላለድን፤ ውሃ ተቀባበልን። የአንዱ ዕጩ ደጋፊ ለሌላው ዕጩ ደጋፊ ተራውን ጠብቆለት፣ ያም ምሳውን በልቶ ሲመለስ አይተናል። ሰው የገፋ ሰው አልነበረም። ሲመሽ ሦስቱ ሣጥኖች «ለደኅንነታቸው ሲባል» ወደ አንድ ቢሮ ተወሰዱ፤ በሩ ተቈለፈ፤ የዕጩዎቹ ወኪሎች ደጅ ቀሩ። ቅዳሜ አለፈ፤ እሑድ አለፈ። ሰኞ ከቀትር በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የአሸናፊዎቹ ስም አለበት፤ ቍጥር ግን የለበትም። ስንት ሰው መረጠ? ለማን ስንት ድምፅ ወጣ? ስንቱስ ወረቀት ተበላሸ? ምንም።

በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ቍጥሩ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ወሬ ገብቶ ተቀመጠ። በቴሌግራም ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ፤ ሣጥኑ ተከፍቷል ተባለ፣ የእነእገሌ ብሎክ ወረቀት ተቃጥሏል ተባለ። ከቢሮው መስኮት ጢስ ሲወጣ ያየ ሰው ተገኘ፤ ቢሮው ደግሞ በዚያ በኩል መስኮት የለውም። ሰኞ ስሙ ሲለጠፍ ስለ ተመራጮቹ ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም የየሰውን የአባት ስም እያነበበ አገሩንና ዘሩን ይፈታ ጀመር። በእራት ሰዓት ሳህን ተወረወረ። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ጨርሶ ያልመረጠ ልጅ፣ ቅንድቡ ተቀዶ በክር ተሰፋ። በዚያች ሌሊት ሁለት ብሎኮች ድንጋይ ከአልጋ ሥር አድርገው ዐደሩ። ይህን ከምንጽፈው መካከል ሳህን የወረወረ አለ፤ ድንጋይ ያጠራቀመም አለ። አንክድም፤ እናፍርበታለን። ሦስት ተማሪዎች ተቀጡ፤ መቀጣታቸውንም አልተቃወምንም። ሣጥኖቹን አስገብቶ በሩን የቈለፈው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ይልቁንም ከዚያ ወዲህ ምክር በዝቶልናል። አንድ የምናከብራቸው መምህራችን በክፍል ውስጥ፣ ሕዝባችን ለምርጫ ገና አልበሰለም፣ እናንተም የሕዝቡ ልጆች ናችሁ ብለውናል። የቃል ኪዳኗም ወረቀት የተጻፈችው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ከመራጩ ጠባይ ስለ ሆነ መራጩን ማስፈረም ይበቃል ባዮች ናቸው። እኛ ይህን ሐሳብ ሐሰት ነው እንላለን። ለግቢያችን ብቻ አይደለም፤ በምርጫ ሰበብ ሰው ላለቀበት አገር ሁሉ ሐሰት ነው።

ከራሳችን አገር እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ገና ያልተወለድን ነበርን፤ የነበሩት ታላላቆቻችንና ወላጆቻችን ግን በሕይወት አሉና ይጠየቁ። ሚያዝያ 29 ቀን ገዢው ፓርቲ በመስቀል አደባባይ ደጋፊዎቹን ሰበሰበ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን በዚያው አደባባይ ተቃዋሚዎች ሰበሰቡ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወጣ። በሁለት ተከታታይ ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ሆኖ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግንቦት 7 ቀንም ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ በብዙ ጣቢያ እስከ ሌሊት ድረስ ተሰልፎ መረጠ። ያልበሰለው ሕዝብ ይህ ነው?

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በምርጫው ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ እንዳይደረግ ከለከሉ፤ የጸጥታ ኀይሎችንም በቀጥታ በራሳቸው ትእዛዝ ሥር አደረጉ። ቈጠራው ሳያልቅ፣ በማግሥቱ፣ ሁለቱም ወገኖች አሸንፈናል አሉ። አዲስ አበባን ተቃዋሚዎች እንደወሰዷት ወዲያው ታወቀ፤ የሌላው አገር ውጤት ግን ዘገየ። አቤቱታ ተከማቸ። በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። የመጨረሻው ውጤት የተነገረው በነሐሴ ማለቂያ ነው፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ! በእኛ ግቢ ሦስት ሌሊት ያን ያህል ወሬ ካፈራ፣ በአገር ላይ ሦስት ወር ተኩል ምን እንደሚያፈራ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ግንቦት ማለቂያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድምፃችን የት ገባ ብለው ጠየቁ። ሰኔ 1 ቀን መርካቶና ሌላውም የከተማው ክፍል ደም ፈሰሰበት። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ። ነገሩን እንዲመረምር በሕግ የተቋቋመው ኮሚሲዮን የሞቱትን ቈጠረ፤ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሆኑ። ከአሥሩ የኮሚሲዮኑ አባሎች ስምንቱ መንግሥት የወሰደው ኀይል ከሚገባው በላይ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጥተው ይህን ለዓለም ተናገሩ፤ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን የሟቾቹን ቍጥር ሳይለውጥ ፍርዱን ለውጦ፣ ኀይሉ ተመጣጣኝ ነበር የሚል ሆነ። የምርጫው ቈጠራ ብቻ ሳይሆን የሬሳውም ቈጠራ በዝግ በር ውስጥ አለፈ ማለት ነው።

ድንጋይ የወረወረ አልነበረም፣ ጎማ ያቃጠለ አልነበረም አንልም። ስድስቱም ፖሊሶች የእናት ልጆች ናቸው። የምንለው ይህን ነው፤ ሚያዝያ 30 ቀን ባዶ እጁን ወጥቶ በሰላም የተመለሰው ሰውና ሰኔ 1 ቀን ድንጋይ ያነሣው ሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ ጠባዩ አልተለወጠም። የተለወጠው በፊቱ ያለው በር ነው። የሚጠይቅበት ቦታ ተዘጋበት፣ የሚታመን ዳኛ አጣ፣ መሰብሰብም ተከለከለ። አሁን በየክፍላችን በገባችው ወረቀት ላይ «ከአምስት ሰው በላይ» የሚለውን ስናነብ ያ የአንድ ወር ክልከላ ትዝ ቢለን አትፍረዱብን።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንለፍ፤ ሰው «የዘር ጠብ ነው» ብሎ የሚያልፈው ከሁሉ ይልቅ የእርሷን ነገር ነውና። በአውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ 27 ቀን 2007 ሕዝቡ በየጣቢያው በሰላም መረጠ፤ በየጣቢያውም ተቈጠረ። ነገሩ የተበላሸው ናይሮቢ፣ ድምሩ በሚደመርበት አዳራሽ ነው። ውጤት ያለ ቅጽ በስልክ መጣ፤ ከክፍለ አገር የተነገረው ቍጥርና ናይሮቢ የተነበበው ቍጥር ተለያየ። ታኅሣሥ 30 ቀን የምርጫ ኮሚሲዮኑ ሊቀ መንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው ለመንግሥቱ ማሰራጫ ጣቢያ ብቻ ውጤቱን አነበቡ። ብዙም ሳይቆይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ምዋይ ኪባኪ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ወዲያው የቀጥታ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ተከለከለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው፣ ኪባኪ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የዳኛ ክሪግለር ኮሚሲዮንም ቍጥሮቹ እጅግ ስለ ተበላሹ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም አለ።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኤልዶሬት አጠገብ በኪያምባ ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በእሳት አለቁ። በናይቫሻ በቀሉ መጣ። የዋኪ ኮሚሲዮን 1,133 ሟቾች ቈጠረ። አሁን «የዘር ጠብ ነው» የሚሉን ይህን ያድምጡ፤ ከእነዚያ መካከል 405ቱ የሞቱት በጥይት ነው፤ ቀስትና ገጀራ የያዘው መንደርተኛ ደግሞ ጠመንጃ አልነበረውም። ኮሚሲዮኑ ፖሊስን ጠየቀ።

እርግጥ በሪፍት ቫሊ የመሬት ጠብ ነበረ፤ የቆየ ቂምም ነበረ። እዚህ ላይ ነገሩን አለዝበን ልናልፈው አንፈልግም፤ በ1992 እና በ1997 እ.ኤ.አ. የነበሩት የኬንያ ግጭቶች ከቈጠራው በፊት የተነሡ ናቸውና የተደበቀ ቈጠራ ወለዳቸው አይባልም። ነገር ግን እነዚያም ከመራጩ ጠባይ አልመጡም። ተቃዋሚን ይመርጣል የተባለው ሕዝብ ከቀበሌው ተነቅሎ እንዲሄድ ሹማምንትና ፖለቲከኞች ጎረምሳ አደራጅተው፣ ገንዘብ ከፍለው ያደረጉት ነው። ቂም እንደ ደረቅ ሣር ነው፤ በየአገሩ አለ፤ በእኛም ግቢ አለ፤ የአባት ስም የሚፈታው እጃችን ይመሰክራል። ሣሩ ስላለ ግን ክብሪት የጫረው ሰው ነጻ አይወጣም።

ኬንያውያን ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ለሕዝቡ የሰላም መዝሙር ብቻ አልዘመሩለትም። የምርጫ ኮሚሲዮኑን አፈረሱት። በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቆሙ። በ2013 ራይላ ኦዲንጋ ተሸነፍክ ሲባሉ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተፈረደባቸው፤ ባይስማሙም ተቀበሉ። በመስከረም 1 ቀን 2017 ያው ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ዴቪድ ማራጋ ሰብሳቢነት፣ በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። በአፍሪቃ እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚያ በፊት አልተሰማም። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ፖሊስ ሰው ገድሏል፤ ድጋሚውን ምርጫም ኦዲንጋ አልተሳተፉበትም። ወረቀት ብቻውን ጥይት አያግድም። በ2022 ደግሞ ከ46,000 በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች የመጡት ቅጾች እንዳሉ ለሕዝብ በኢንተርኔት ተለቀቁ፤ ጋዜጠኛውም ተማሪውም ቤቱ ተቀምጦ ደመረ። ከሰባቱ ኮሚሲዮነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጡ፤ በአዳራሹም ግብግብ ተነሣ። ልዩነቱ ጠባብ ነበረ። አገሪቱ ግን እንደ 2007ቱ አልነደደችም፤ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ አለቀ። የኬንያ ሕዝብ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ደሙ ቀዘቀዘ እንበል? ወይስ ቅጹን በዓይኑ አየ?

ጋናንም አንድ ጊዜ እናንሣ። በ2008 ምርጫ ሁለተኛ ዙር ከ9 ሚሊዮን ድምፅ ውስጥ አሸናፊውና ተሸናፊው የተለያዩት በ40,000 ገደማ ነው፤ የተሸነፈውም በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ነው። አስረከበ። በዚያ አገር ድምፅ የሚቈጠረው በጣቢያው፣ በገላጣ ቦታ፣ መራጩ ከቦ እያየ ነው፤ እያንዳንዷ ወረቀት ወደ ላይ ትነሣለች፤ የፓርቲዎቹ ወኪሎች ፈርመው ቅጂ ይይዛሉ፤ ሬዲዮኖቹም ማታውኑ ይናገራሉ። በ2012 የተሸነፈው ወገን ሲከስ ክርክሩ ለብዙ ሳምንታት በቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ፤ ፍርዱ በተሰጠ ዕለት ከሳሹ ናና አኩፎ አዶ አሸናፊውን በስልክ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ጋና መንግሥተ ሰማያት ናት አላልንም፤ በ2020 ምርጫ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ነገር ግን ጋናዊ ከኛ የተለየ አንጎል አለው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን።

ይህን ለማወቅ እስከ አክራ መሄድም አያስፈልግም። እናቶቻችን ዕቁብ ይገባሉ። ከዕቁብ ይበልጥ ሰው ሊጣላበት የሚችል ነገር ምን አለ? ገንዘብ ነው፤ የደሃ ገንዘብ ነው። የልጅ ልብስ፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ብር ነው። ዳኛው ግን እናቶቻችንን የሰላም ቃል ኪዳን አያስፈርማቸውም። ስሞቹ በትንንሽ ወረቀት ይጻፋሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ በሁሉ ፊት ተንጠው በሕፃን ልጅ እጅ ይወጣሉ። የጠረጠረች ካለች የቀረውን ጥቅልል እየፈታች ትቈጥራለች፤ የሚቈጣትም የለም። ዕጣ ያልደረሳት ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ስንቱ ዕቁብ በዱላ ፈረሰ? አንድ ቀን ግን ዳኛው «ለደኅንነቱ ሲባል» ዕጣውን ቤቱ ወስዶ አውጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን የባለ ዕጣዋን ስም ይንገር! እነዚያ ትዕግሥተኞች እናቶች ምን እንደሚያደርጉት እናውቃለን። ያን ጊዜ ማን ነው «ሴቶቹ አልበሰሉም» የሚለው?

ረቂቁን ያዘጋጁት የኮሚቴ አባሎች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ነው የተነሡት፤ ክፉ አሳብ አላቸው አንልም። ሁለቱን በግል አነጋግረናቸዋል። በአዳራሽ መቈጠሩ ግርግር ያመጣል፣ ሌሊት ነው፣ መብራት ቢጠፋስ? አሉን። ግርግሩን እንመልስ፤ ባለፈው ዓመት ያየነው ግርግር አዳራሽ ውስጥ በቈጠርን ጊዜ አልመጣም፤ ከአዳራሽ በወሰዱብን ጊዜ መጣ።

ስለዚህ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ለረቂቁ ማሻሻያ እናቀርባለን። ሣጥኖቹ ከመመገቢያ አዳራሹ ሳይወጡ በዚያው ማታ ይቈጠሩ። እያንዳንዱ ዕጩ ሁለት ወኪል ያቁም፤ ሌላው ተማሪ ከገመድ ወዲህ ሆኖ ይይ። የየሣጥኑ ቍጥር፣ የተበላሸውም ጭምር፣ በአንድ ቅጽ ተጽፎ ቈጣሪዎቹና ወኪሎቹ ይፈርሙበት፤ ቅጹ በአዳራሹ በር ይለጠፍ፤ የፈለገ በስልኩ ያንሣው። ቅሬታ ያለው የሚሄድበት ሦስት ሰው ይኑር፤ ሦስቱንም ዕጩዎቹ ሁሉ ተስማምተው ይምረጧቸው፤ ከመምህራን አንዱ ቢሆኑ ደስ ይለናል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ጥበቃዎች ከአዳራሹ ውጭ ይቁሙ። አምስት ሰው የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ። ቃል ኪዳኗንም ጨርሶ አንጠላትም፤ ከግርጌዋ አንድ መስመር ይጨመርላት፤ ከእኛ ፊርማ በላይ የቈጣሪዎቹ ፊርማ ይቅደም፤ «ሣጥኑን ከሕዝብ ዓይን አንሰውርም» ይበሉ። ያን ቀን ወረፋ ይዘን እንፈርማለን።

እናንተንም፣ መምህራኖቻችን፣ አደራ የምንላችሁ አለን። ስለ ስሜታዊነት ያስተማራችሁንን አልረሳንም። ሐሙስ ዕለት ግን ከኋላ ወንበር ላይ ብትቀመጡልን፣ ማሻሻያው ሲነበብም በምክንያት ብትቃወሙት ወይም ብትደግፉት፣ ከአንድ ሴሚስተር ምክር ይልቅ ይጠቅመናል።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ የአዳራሹን ጄነሬተር የሚጠብቁትን አባት ጠይቀናቸዋል። ሃያ ሊትር ናፍጣ እስኪነጋ ይበቃል ብለውናል። መዋጮ ጀምረናል፤ እስከ ትናንት ማታ የአሥራ አራቱ ሊትር ዋጋ ገብቷል፤ የቀረው ስድስት ነው። መቀበያው በሁለቱም በር፣ በእራት ሰዓት፤ የተዋጣውም ገንዘብ ቍጥር በየማታው እዚያው ይለጠፋል።